ደጋ ተነስቶ ቆላ እምቢ ያለው ሞተር

መካነ ሰላም፣ ጥር 18 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ ጠልሐ፣ ጂዛን

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ የባሕሩን ሙቀት ያብርድልህ፣ የአሠሪህን ልብ ያራራልህ፣ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ወሬ ይጠብቅህ። እኛ ከአባባ ጉልበትና ከላክኸው የጀልባ ሞተር በቀር ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

እስከዚህ ያለው የአባባ ቃል ነው። ሽማግሌዎቹም ሰምተው «አሚን» ብለውበታል። ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው። አባባ የዐረብኛውን እንጂ የአማርኛውን ፊደል ስለማያውቁ «የሞተሩን ነገር አንቺው ጨርሺው» ብለው ጋደም ብለዋል። እኔ ሩፋይዳ ነኝ፣ የአባባ፣ የአጎትህ የሸህ አብዱልጀሊል፣ የልጅ ልጅ። ስትሄድ የፊት ጥርስ ያልነበረኝ። አሁን ጥርሱም ወጥቷል፣ አሥረኛ ክፍልም ገብቻለሁ።

ሞተሩ ከደሴ በእህል መኪና፣ በጆንያ ላይ ተጋድሞ ደረሰ። የከተማው ሰው ግማሹ የልብስ ስፌት መኪና ነው አለ፣ ግማሹ የጥርስ ሐኪም ዕቃ ነው አለ። አባባ «የጠልሐ መርከብ ነው፤ መርከቡ ግን እዚያው ቀርቷል» ብለው ለሁሉም አስረዱ። ዋናተኛው ጀብሪል በበኩሉ ጀልባውን ከዋንዛ ሳንቃ ሠርቶ፣ ሬንጅ ቀብቶ አባይ ዳር አስቀምጧል። እንግዲህ አንተ እንዳሰብከው አባባና እናትህ ሊገናኙ የቀራቸው የሞተሩ መነሳት ብቻ ነው። ወንድምና እህት፣ አባባ ወዲህ እናትህ ጎጃም ማዶ፣ በአንድ ወንዝ ተለያይተው አራት ዓመት ሆናቸው። በመኪና እንሂድ ቢሉ በአዲስ አበባ ዞሮ ጎጃም መግባት ነው። ለዚያ ደግሞ የአባባ ወገብ አይፈቅድም።

ሞተሩን ጓሮ ካለው የውሃ በርሜል አፍ ላይ አሰርነው፤ መቅዘፊያው ውሃ ውስጥ ገባ። ገመዱን መጀመሪያ ቢስሚላህ ብለው የሳቡት አባባ ናቸው። ምንም። ቀጥሎ ባለ ወፍጮው ጋሽ መለሰ ሳቡ። ምንም። ከዚያ ሰልፍ ሆነ። ቁርኣን የሚቀሩት ደረሳዎች በተራ፣ ለዱዓ የመጡ ሽማግሌዎች በተራ፣ ከዚያም መንገደኛ። መቶ አሥራ አራት ጊዜ ተስቧል፣ ቆጥሬያለሁ። አባባ «በቁርኣን ሱራዎች ቁጥር ልክ ነው» ብለው ተጽናንተዋል። ጋሽ መለሰ ደግሞ «የእኔ ወፍጮ በብርድ እምቢ ሲለኝ ጨርቅ አንድጄ አፉን አሞቀዋለሁ፣ ይኼንም እናሙቀው» ይላሉ። አባባ ጠልሐ ሳይጠየቅ አይሆንም ብለው ለጊዜው ከልክለዋል። መልስህን ቶሎ ላክ፣ ጋሽ መለሰ ክብሪቱን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ነው የሚዞሩት።

አንድ ነገር እወቅ። ደብዳቤህ የሚከፈተው ጁምዓ ከሰላት በኋላ፣ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ብቻ ነው። ቅዳሜ ቢደርስ ስድስት ቀን ሙሉ በአባባ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ዱሮ አንድ ሰው የመርዶ ወረቀት ገበያ መሃል ብቻውን ከፍቶ ተዝለፍልፎ ወድቆ ነበር አሉ፤ ከዚያ ወዲህ አባባ «ከሩቅ የመጣ ወረቀት ሰው ሳይከበው አይከፈትም» ብለው ደንግገዋል። ስለዚህ ሽማግሌ ብታማ በሰባት ሽማግሌ ፊት የማነበው እኔ ነኝ።

እናትህ ደህና ናቸው። በጥቅምት የላክኸው ፎቶ ደርሷቸዋል፤ ስመው ደረታቸው ላይ አድርገውታል።

ሩፋይዳ


ጂዛን፣ የካቲት 24 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሸህ አብዱልጀሊል፣ ለምታነበውም ለሩፋይዳ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የእርስዎ ዱዓ ከኋላዬ ባይኖር ይህ ባሕር እስካሁን ዓሣ አድርጎኝ ነበር። ሽማግሌዎቹን በያሉበት ሰላም ብያለሁ። በየስማቸው ብጠራ ግን ወረቀቱ ስለማይበቃኝ ይለፉኝ።

ከሁሉ በፊት፣ እሳት ከሞተሩ አይጠጋ። ጋሽ መለሰን በአላህ እለምናቸዋለሁ። ናፍታ ትዕግሥት አለው፣ ቤንዚን የለውም። የወፍጮው ልማድ እዚህ ከመጣ ሞተሩም ጢሙም አብረው ይሄዳሉ።

አሁን ሩፋይዳ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። ቤንዚኑ የከረመ ከሆነ ድፉትና አዲስ ግዙ። በሃያ አምስት ሊትር አንድ ሊትር ዘይት ይደባለቅበት፤ ይህ ሞተር ዘይቱን የሚጠጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው። የቤንዚኑ ጋን ክዳን ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች፣ እሷ ክፍት ትሁን፤ አየር ካልገባ ቤንዚን አይወጣም። በቱቦው መሃል ያለችውን የጎማ እንቁላል እስክትጠጥር ድረስ ጭመቋት። ከዚያ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፍቱና ጫፉን እዩት። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ ከራሰ ደግሞ በዝቶበታል ማለት ነው። ገመዱን መቶ ጊዜ ከመሳብ አንዴ ካንዴላውን ማየት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም እምቢ ካለ ነገሩ ቾኩ ነው። በካርቡራተሩ አፍ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ክዳን አለች። ፊት ለፊት ያለውን እጀታ ስትስቡት ክዳኗ ትዘጋና አየሩን ትቀንሳለች፣ ቤንዚኑ ይበረታል። በብርድ የሚነሳ ሞተር ይህን ይፈልጋል። አንዴ ሲያስል ወዲያው ትከፍቷታላችሁ። እጀታው ሲሳብ ክዳኗ መንቀሳቀሷን በዓይናችሁ እዩ። ሞተሩ አሮጌ ነው፣ የተጣለ አንስቼ ነው የጠገንኩት፤ መንገድ ላይ ምን እንደነካው አላውቅም።

እናቴ ፎቶውን አይታ ምን አለች? ቃሏን ጻፉልኝ።

ልጅዎ ጠልሐ


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ ጠልሐ

ሰላምታው ከአባባ፣ ከሰባቱ ሽማግሌዎችና ከደረሳዎቹ ነው፤ አላህ ዕድሜህን እንደ አባይ ያርዝመው ብለዋል። እንደ አባይ የተጠማዘዘ እንዳይሆን ያልኩት እኔ ነኝ።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደርሶ ጁምዓ ተከፈተ። ስለ ጢሙ ያለው ቦታ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ ጋሽ መለሰ ዞሩ። ጋሽ መለሰ ለዱዓው ባይሆንም ለሞተሩ ተጠርተው በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀስ ብለው ክብሪቱን ከኪሳቸው አወጡና ለአባባ አስረከቡ።

ከዚያ ጓሮ ወጣን። የጋኑን መተንፈሻ ስንፈልግ አጣናት። ለካስ አባባ የቤንዚን ሽታ ኪታቦቻቸው ያሉበት ክፍል እንዳይገባ ብለው በሰም ደፍነዋታል። መቶ አሥራ አራት ጊዜ ስንስብ የነበረው የታፈነ ጋን ነው። «አባባ፣ እርስዎን አፍንጫዎን ይዘን ሩጡ ብንልዎ ይሮጣሉ?» አልኳቸው። «እኔ ሳልያዝም አልሮጥ» አሉና ሰሙን በጥፍራቸው ፈቀፈቁት።

ቤንዚኑ መጣ፣ ጎማዋ ጠጠረች፣ ካንዴላው እሳት ሰጠ። አሁንም ዝም። ያን ጊዜ አፉን ከፍቼ ሳየው፣ ጋሽ መለሰ እጀታውን ሲስቡት ክዳኗ ፍንክች አትልም። ሁለቱን የምታያይዘው ቀጭን ዘንግ ተሰብራ ወድቃለች። ጋሽ መለሰ በሽቦ ዘግተን እንሰራት አሉ። ተዘግታ ከታሰረች ማን ይከፍታታል ብዬ፣ አፉን በመዳፌ ከደንኩና «ይሳቡ» አልኳቸው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው አሳለ፣ መዳፌን ሳነሳ ተነሳ። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ግቢውን አጠበው፤ አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን ሲፈልጉ ዋሉ። ደረሳዎቹ ሰሌዳቸውን እየጣሉ ወጡ፣ አባባም ለዚያች ቀን ትምህርቱን ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ ብርዱ ሳይለቅ እናስነሳዋለን። ሳያቋርጥ በሦስተኛው ነው። አባባ ጥርጥር እንደሌለው ሐዲስ ይዘውታል፤ «የሩፋይዳ መዳፍ፣ ሦስት ሳብ» ይላሉ። እጄ ለሳሙና አልበገር ብሎ የሒሳብ ደብተሬ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ዘንጓን ብታገኝ ላክልኝ፣ እኔ የሞተር መለዋወጫ ሆኜ መቅረት አልፈልግም።

እናትህ ፎቶውን አይተው ምን አሉ ላልከው፣ አባባ «አልሐምዱሊላህ ብላለች ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ።

ሩፋይዳ


ጂዛን፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለሩፋይዳ፣ በትምህርት ቤቷ በኩል

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህ ለጁምዓ የሚነበብ አይደለም።

እናቴን አውቃታለሁ። ፎቶ ስታይ አልሐምዱሊላህ ከማለቷ በፊት «ከስቷል፣ ምን እያበሉት ነው፣ ይኼ ሸሚዝ የማነው» ትላለች። አባቴ ሐጅ ሄዶ የላከውን ፎቶ እንኳ ጥምጣሙ ተጣሟል ብላ ግድግዳ ላይ አጣማ ሰቅላው ነበር፣ ጥምጣሙ እንዲቃና። ቃሏን ጠየቅኩ፣ የሽማግሌ መልስ መጣልኝ።

እናቴ ምን ሆናለች? ሞታም ከሆነ ንገሪኝ። እዚህ ቀን ሞተር እፈታለሁ፣ የፈታሁትን መግጠም እረሳለሁ።

ጠልሐ


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ ጠልሐ፣ በሰው እጅ

ሰላምታ ከእኔ ብቻ። አባባ ይህን አያውቁም።

በመጀመሪያ፣ እናትህ በሕይወት አሉ። ይጣላሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይበላሉ። የጠፋባቸው ዓይናቸው ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሞራ ጋርዶት አሁን የሚያዩት ብርሃንና ጨለማውን ብቻ ነው። ፎቶህን ያደረሰላቸው ጀብሪል ነው፣ በፍየል ስልቻ ተንሳፍፎ። እናትህ ፎቶውን በጣታቸው ዳር ዳሩን ዳስሰው «ቆሞ ነው ተቀምጦ?» ብለው ጠየቁት። ቆሞ ነው ሲላቸው «እግሩ ደህና ነው ማለት ነው» አሉ። ቃላቸው ይኼ ነበር። አባባ በስደት ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይላክም ብለው ከለከሉኝ፤ ሰባቱም ሽማግሌዎች ልክ ነው አሉ። ሰባት ሰው ሲስማማ አንድ ሩፋይዳ ምን ታደርጋለች?

አሁን ደግሞ ደህናውን ስማ። ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪሞች ሰኔ 4 ቀን እዚህ መካነ ሰላም ይመጣሉ፤ እስከ ሰኔ 9 ቆይተው ሞራ ይገፍፋሉ። ያ ካለፈ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም፣ አባይም ይሞላል። ስለዚህ እናትህ ከዚያ በፊት መሻገር አለባቸው። ጀብሪል በስልቻ ላሻግርዎ ቢላቸው «ፍየል ነፍስ እያላት ዋና የማታውቅ፣ ሞታ ነው እኔን የምታሻግረኝ?» ብለው አባረሩት። በጀልባው ግን እሺ ብለዋል፣ ሞተሩ የልጄ ነው ብለው።

ግንቦት 27 ቀን፣ ሰኞ፣ ሞተሩን በበቅሎ ጭነን እንወርዳለን። አባባም ይወርዳሉ። ሞተሩ ዛሬም ማለዳ በሦስተኛው ተነስቷል፣ አታስብ።

ሩፋይዳ


ጂዛን፣ ግንቦት 15 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሸህ አብዱልጀሊል

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባቴ ከሞተ በኋላ አባቴ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ከእርስዎ ተደብቄ ከልጅ ጋር ደብዳቤ መጻጻፍ ነውር ሆነብኝና ይህን በቀጥታ ለእርስዎ ጻፍኩ።

እናቴ ዓይኗ እንደማያይ አውቄያለሁ። የነገረችኝ ሩፋይዳ ናት። አስጨንቄያት ነው እንጂ በፈቃዷ አይደለም፣ አይቆጧት። እርስዎም ያዘኑልኝ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አጎቴ፣ አለማወቁ ከማወቁ ይከብድ ነበር።

አሁን ዋናውን ያድምጡኝ። ሞተሩን ያለመዳችሁት በደጋ፣ በማለዳ፣ በብርድ ነው። አባይ ግን ቆላ ነው። እዚህ እኛ ጋ እንደሚሆነው፣ ሞተር በፀሐይ ከጋለ በኋላ አፉን መዝጋት እንደ ደጋው አይጠቅመውም፣ ያንቀዋል። ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ይርሳል፤ ከዚያ በኋላ ብትስቡት ብትስቡት የባሰ ትጨምሩበታላችሁ። ስለዚህ ቆላ ስትደርሱ የሩፋይዳ እጅ ይራቅ። ቀድሞ ታፍኖ ከሆነም ካንዴላውን ፍቱ፣ አድርቁት፣ ካንዴላው እንደወጣ ገመዱን አሥር ጊዜ ያህል ሳቡትና የተጠራቀመው ቤንዚን በቀዳዳው ይውጣ። በዚያን ጊዜ የካንዴላው ሽቦ ከቀዳዳው ይራቅ፣ የሚያጨስም ሰው አይቅረብ። ከዚያ መልሳችሁ ግጠሙ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ግማሽ ክፈቱ፣ አፉን ሳትነኩ ሳቡ።

ይህ ከሰኞ በፊት እንዲደርስ ነገ ለሚበር ሰው ሰጥቻለሁ።

ልጅዎ ጠልሐ


መካነ ሰላም፣ ሰኔ 13 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ ጠልሐ

አላህ ምስጋና ይግባው፣ ይህን የምጽፈው እናትህ አጠገቤ ተቀምጠው «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» እያሉኝ ነው። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ደብዳቤህ ከሰኞ በፊት ደርሷል። ቅዳሜ። ለአባባ እጅ በእጅ። የቀረውን መገመት ትችላለህ።

ሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አባይ ዳር ደረስን፤ አባባ፣ ጋሽ መለሰ፣ ጀብሪልና እኔ። ሞተሩ በበቅሎዋ ጀርባ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ሲጠጣ ስለዋለ ስነካው ፈጀኝ። እናትህ ከማዶ ሾላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ጀብሪል በዋዜማው ከቤታቸው አውርዷቸው ነበር። ውሃው መደፍረስ ጀምሯል። ጀብሪል በእፍኙ ጨለፈና አየው፤ «ላይ አገር ዘንቧል። ዛሬ ካልተሻገርን ለነገ ቃል አልገባም» አለ።

ሞተሩን ጀልባው ላይ አሰርን። አፉን በመዳፌ ከደንኩ፣ ጋሽ መለሰ ሳቡ። ሦስት ሆነ፣ ዝም። አባባ «ጣትሽ ተከፍቷል፣ አጥብቀሽ ግጠሚ» አሉኝ። በሁለት እጄ ገጠምኩ። ሃያ ሆነ። ሠላሳ ሆነ። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል።

«አባባ፣ እጄን ላንሳው ይሆን?»

«እቤት ሲሠራ የከረመ እጅ እዚህ ምን ነካው? ግጠሚ።»

ከማዶ የእናትህ ድምፅ መጣ። እዚያ ቦታ አባይ ጠበብ ይላል፤ ድምፅ ይሻገራል፣ ሰው ነው የማይሻገረው። «አብዱልጀሊል፣ ወናፍ ነው እንዴ የምትነፉት? ማረሻ ልታቀልጡ ነው?»

አባባ ላባቸውን ለመጥረግ መሐረባቸውን ከደረት ኪሳቸው ሲስቡ የፖስታ ጫፍ ብቅ አለ። የጂዛን ቴምብር።

«ይኼ የመቼ ነው?» አልኳቸው።

«የቅዳሜ።»

«ለምን ይዘውት ወረዱ?»

«ሳጥን ውስጥ ብተወው ትከፍቺዋለሽ ብዬ።»

ሐሰት አልተናገሩም። «አባባ፣ ስለ ሞተሩ ይሆናል፣ ይክፈቱት» አልኩ።

«ዛሬ ሰኞ ነው።»

ጋሽ መለሰ ገመዱን ለቀው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። «ሸህ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የጁምዓውን ሕግ አላውቅም። ክንዴ ግን ከእንግዲህ እንደማይስብ አውቃለሁ።»

«ደብዳቤ ነው ያላችሁት? የልጄ?» አሉ እናትህ ከማዶ።

አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጆሮዋን ሞራ አልጋረደው» አሉን። ከዚያ ጮክ ብለው፣ «ባሲማ፣ ሽማግሌ ሳይኖር አይከፈትም።»

«እኔስ ምንድን ነኝ? በሁለት ዓመት አልበልጥህም? ክፈተው፣ ልጅቱም ጮክ ብላ ታንብበው።»

አባባ እስከዛሬ ታላቅየው እኔ ነኝ ሲሉን ነው የኖሩት። ጋሽ መለሰ ወደ ውሃው ዞረው ሳል የመሰለ ነገር ሳሉ። አባባ ፖስታውን አገላብጠው አዩት። በመጨረሻ ቢስሚላህ ብለው ቀደዱና ሰጡኝ።

እንግዲህ ደብዳቤህን አባይ ዳር ቆሜ፣ ለጎጃም በሚሰማ ድምፅ አነበብኩ። ሰላምታውን ሁሉ። እናትህ ከማዶ «አሚን» ይላሉ። «እናቴ ዓይኗ...» የሚለው ጋ ስደርስ ስሜን አየሁና ወደ ሞተሩ ዘለልኩ።

«ዘለልሽ» አሉ እናትህ።

«ኧረ አልዘለልኩም።»

«ትንፋሽሽ ተቆረጠ። መልሰሽ አንብቢ።»

መልሼ አነበብኩ፣ ስሜም ሳይቀር። አባባ ቀና ብለው አዩኝ፤ ያንን አስተያየት ደረሳዎቹ ያውቁታል፣ ከእሱ በኋላ ዱላ አያስፈልግም። ከዚያ ከማዶ፣

«ስለዚህ ያውቃል?»

«ያውቃል» አልኩ።

«እንኳን አወቀ። ሸክም ነበር። ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። የሩፋይዳ እጅ ይራቅ የሚለውን ስሰማ ራሴ አንባቢዋ ደነገጥኩ። ጋሽ መለሰ ካንዴላውን ፈቱት፤ ከጉድጓድ እንደወጣ ባልዲ ነው የሚንጠባጠበው። በነጠላዬ ጫፍ አደረቅነው። ያለ ካንዴላ አሥር ጊዜ ሲሳብ ቤንዚኑ በቀዳዳው እንትፍ እንትፍ እያለ ወጣ። ነፋስ እስኪወስደው ጠበቅን፣ መልሰን ገጠምን። እኔ እጄን ከጀርባዬ አጣምሬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። መጀመሪያ ሲሳብ አጉረመረመ። በሁለተኛው ተነሳ።

አባባ ጀልባው ላይ ለመውጣት እጃቸውን ሲሰጡኝ «ለጁምዓ ይህን ደብዳቤ እንደገና ታነቢዋለሽ፣ ሽማግሌዎቹ አልሰሙትም» አሉኝ። «የእኔ ስም ያለበትንስ?» ስላቸው «እሱን አንቺ መዝለል ታውቂበታለሽ» አሉ። ይቅርታ ማለታቸው ነው ብዬ ወስጄዋለሁ።

ስንሻገር ጀብሪል መሪውን ያዘ። ማዶ ስንደርስ አባባ ወርደው እናትህን ያዟቸው። አራት ዓመት የተጠራቀመ ሰላምታ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳሙ ስለቆዩ ጀብሪል ሞተሩ እንዳይጠፋ እያሞቀ ጠበቃቸው። በመመለሻው እናትህ ከሳንቃው ላይ ተቀምጠው የሞተሩን ድምፅ በጥሞና አዳመጡ። «ያጉረመርማል፣ ግን ይሄዳል። እንደ ጠልሐ አባት» አሉ።

ማክሰኞ ሰኔ 5 ቀን የቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። በማግስቱ ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ አባባ ፊት ለፊት ቆመው ነበር፣ ነጭ ጥምጣም አስረው፣ ሽቶ ተቀብተው። እናትህ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት እያደረጉ አዩዋቸው።

«ይኼ ሽማግሌ ማነው?»

«ወንድምሽ ነኛ፣ ባሲማ።»

«ወንድሜ ጥቁር ጢም ነው ያለው።»

«የነበረው።»

እናትህ ጢማቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሯቸውና አዩት። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። ሐኪሙ ዓይንዎ ውስጥ እንባ አይግባ ብሎ ተቆጣቸው።

ሩፋይዳ


ጂዛን፣ ሐምሌ 3 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለሁላችሁም፣ በየትኛውም ቀን ቢከፈት

ሰላምታዬ ለእናቴ ዓይን ይሁን፣ አላህ ብርሃኑን ያቆይላት። ደብዳቤሽን ወርክሾፑ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ አብረውኝ የሚሠሩት የመኖች ምን ሆነሃል ብለው ከበቡኝ። አጎቴ ልክ ናቸው፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ሰው ሳይከብ አይከፈትም።

ዘንጓን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሩፋይዳ፣ ከእንግዲህ እናቴ ያለችውን እንዳለችው ጻፊ፤ ክፉም ቢሆን፣ እኔን ብትሰድብም።

ጠልሐ


መካነ ሰላም፣ ሐምሌ 24 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ ጠልሐ

እናትህ እንዲህ ጻፊ ብለዋል፤ ሰላም ለልጄ፣ ጤና ለልጄ፣ ይብላ፣ ይተኛ፣ ይምጣ። ሌላው ከእኔ ነው።

ደብዳቤህ ሰኞ መጥቶ ሰኞ ተከፈተ። አባባ አንዲት ሽማግሌ ቤት ውስጥ ካለች ይበቃል ብለው ሕጉን አሻሽለዋል። እናትህ እስከ መስቀል እዚሁ ናቸው፣ አባይ ሞልቷል። እስከዚያው ግን ቤታችን ሰላም የለውም። ጣሪያው ላይ ያለውን ድር አይተዋል፣ የደረሳዎቹን ጥፍር አይተዋል፣ የእኔን የሒሳብ ውጤት ደግሞ ፊደል ባይቆጥሩም ቀይ ቀለሙን አይተዋል። አባባ ሰላት ጨርሰው ሲነሱ «ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል» ይሏቸዋል። አባባ «ሳታይ ትሻይ ነበር» ይላሉ፣ ግን አጠገባቸው ሄደው ነው የሚቀመጡት።

ያለፈው እሑድ አባይን ካላየሁ አሉ። ቢለመኑ እምቢ ሲሉ በበቅሎ ገደሉ አፍ ድረስ ወሰድናቸው፣ አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጉሙ ሲገለጥ ወንዙ ከታች ታየ፣ ግንዱን ከነሥሩ እየነቀለ የሚሄድ፣ ከዳር እዳር ጭቃ የመሰለ። እናትህ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

«ይኼን ነው ያሻገራችሁኝ?»

«ያኔ እኮ ሲሶውም አይሆንም ነበር» አሏቸው አባባ።

«ሲሶውም ይሁን» አሉ እናትህ፣ «ዓይን ቢኖረኝ እግሬን አላነሳም ነበር።»

እንዳሉት ጻፍኩልህ።

ሩፋይዳ